የበለዘ ጉልበት

ጥቅምት 4
የሰው ቀሚስ ስወሰውስ ዋልኩ። ማታ አማቴ ልጁን አጠቡት... ፈተሹት ማለት ይሻላል። ጉልበቱ በልዟል፣ ክንዱም። «እጅሽ ከበደ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ። ባሌ ይሰማል።

ጥቅምት 9
ባሌ ልጁን ጥግ ይዞ «ማን መታህ? አትፍራ» ሲለው ሰማሁ። «ጠረጴዛው» አለው የኔ ጌታ። ሳቄ ባይመጣ ኖሮ በመቀስ እወጋው ነበር። ባሌን ማለቴ ነው።

ጥቅምት 11
ልጄን ወሰዱት። «ለጊዜው እናቴ ጋ ይሁን» ይለኛል ባሌ፣ ልብሱን ከሸከፈ በኋላ! ብልዙን ሰው እንዳያየው ብዬ ረጅም ሱሪ ማልበሴም ወንጀል ሆነ። ልጄን መታሁ? እኔ? መርፌ ሰበርኩ። ቀየርኩ፣ እሱንም ሰበርኩት።

ጥቅምት 15
አማቴ ደወሉ። ትናንት ጥርሱን አስነቅለውታል፣ ሳይነግሩኝ! ደሙ ቆሞ ነበር፤ ጠዋት ትራሱን በደም አርሶ ተነሳ። ሆስፒታል ስደርስ ከንፈሩ ነጥቷል። ጀርባው ላይ አዲስ ብልዝ። «ይሄስ የማን እጅ ነው?» አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጥቅምት 17
መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፣ ደሙ ቆመ። ዶክተሯ አስረዳችን። የደም ሥር ሲቆረጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ሮጠው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ያ ብቻውን አይበቃም። ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ መጨረሻ ላይ ክር ይሠራሉ፤ ክሩ ድፍኑን ጠፍሮ ይይዘዋል። የኔ ልጅ ከነዚያ ፕሮቲኖች አንዱ ይጎድለዋል። ተወስውሶ ሳይሰፋ እንደቀረ ልብስ፣ ትንሽ ሲነካ ይተረተራል። ከተወለደ ጀምሮ። የማንም እጅ አይደለም!

ዶክተሯ «ብዙ ጊዜ በእናት በኩል ነው የሚመጣው» ስትል አማቴ ቀና አሉ። «አላልኩም? ከሷ ነው!» ወይ አለማፈር! ባሌ «እማዬ፣ ይብቃሽ» አላቸው። አሁን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዶክተሯ «በእናትሽ ቤት ደም ፈስሶት የሞተ ወንድ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ አለ። እኔ ሳልወለድ ከእናቴ እጅ ወድቆ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ... ዕድሜዋን ሙሉ «ጥላ ገደለችው» ሲሏት ኖረች።

ጥቅምት 18
ልጁ ቤቱ ገባ። ባሌ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ እዚያው ይክረም።

ለእናቴ ደወልኩ። «ወንድሜን የደሙ ክር ነው የጎደለው፣ እማ። ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ይነሳ ነበር። አንቺ አልገደልሽውም።»

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ የሆነ ነገር መሬት ላይ ከሰከሰች። እናቴ! ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀዋ።

«አንቺን'ኮ ትጥያታለሽ ብሎ ቁጭ ካላልኩ አያሳቅፈኝም ነበር!» ብላ ጮኸች። «አባትሽ! ይሄን ሳይሰማ ሞተ!»