ሳልነግርህ የፈረምኩት

አልበርታ፣ መስከረም 1922

ውድ ወንድሜ አልዶ፣

ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ዛሬ ግን ቤታችንን ሲወስዱት አይቼ መጣሁ። ከነጣሪያው በግንድ ላይ ጭነው፣ ስምንት ፈረስ ጠምደው ወደ ከተማ ጎተቱት። ሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ተወስደው ሰፈራችን ባዶ ሜዳ ሆኗል።

የከሰል ማውጫው ሲዘጋ "ባለቤቶቹ ከሰሩ፣ አድማውም አስመረራቸው" ተባለ። አንተም ይህንኑ አምነህ ሥራ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ሄድክ። እኔ ግን የደበቅኩህ ነገር አለ።

አምና ሐምሌ፣ የምሠራበት ሆቴል የልብስ አጣቢዎች አለቃ ወይዘሮ ፕሪቻርድ፣ የከሰል ማውጫው እንዲዘጋ ለመንግሥት የሚላክ አቤቱታ ይዘው መጡ።

"ጭሱ ተራራውን እየሸፈነ እንግዳ አሸሸብን። ፓርክ ተብሎ በተከለለ ቦታ የምን ከሰል ነው? ፈርሙ!" አሉን።

"ወንድሜ እኮ እዚያ ነው የሚሠራው" አልኳቸው።

"አንቺስ የት ነው የምትሠሪው?"

ፈረምኩ።

ፈርቼ ብቻ እንዳይመስልህ። ዓሣ የምናጠምድበት ወንዝ ጠቁሮ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ስታስል በግድግዳው በኩል እሰማህ ነበር። "ለአንተው ብዬ ነው" እንዳልልህ ደግሞ አፍራለሁ፤ ለአንተ ቢሆን ኖሮ አማክርህ ነበር።

በዚያው ሳምንት የአቤቱታው ወሬ ሰፈር ደረሰ። እራት ላይ፣ "እነዚህ ፈራሚዎች ሆቴላቸውን በምን ሊያሞቁት ነው? በተራራው ውበት?" ብለህ አሳቅከን። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከፊርማው ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው።

አሁን አየሩ ጠርቷል፤ እንግዳውም በዝቷል። ባለፈው ሰኞ ለሆቴሉ ማሞቂያ ከሰል በባቡር መጣ። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሳነብ አንተ አሁን የምትሠራበት የከሰል ማውጫ ስም ነው። ለካ ጭሱን ከእንግዳው ዓይን አራቅነው እንጂ፣ አንተ ዛሬም እኛኑ ለማሞቅ ትቆፍራለህ።

ወንዙ በመጥራቱ አልጸጸትም፤ ብዋሽህ ታውቅብኛለህ። የሚቆጨኝ ፊት ለፊትህ ቆሜ "ልፈርም ነው" አለማለቴ ነው። ያን ጊዜ ብትጮህብኝም አንድ ቤት ውስጥ ነበርን።

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ልትሰድበኝም ቢሆን ጣቢያው ድረስ ና። ካጣሁህ አልቀየምም፤ ሰፈራችሁን ጠይቄ፣ ከሥራ እስክትወጣ በርህ ላይ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ፒያ