የእናቴን ወፍጮ ወንበር ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ፣
የምሥራቅ ጮራ የአንድ ቀን ጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሰዓቱ ተነሥቶ የማያውቀው አውቶቡስዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በስተቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴ ነገር ከጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ጋር ስለሚገናኝ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ዘርፌ እባላለሁ፤ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። እዚህ አገር ሕንፃ ሳይቆም፣ መሬቱ ሁሉ ማሳ በነበረበት ጊዜም ቤታችን እዚሁ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወረዳው አዳራሽ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንቀራፈፍ ይታገሡኝ፤ እኔም የእናንተን ጽሑፍ ታግሼ እስከ መጨረሻው አንብቤያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ «ምሥራቅ አዲስ አበባ በአንድ ቀን» የተባለውን ጉዟችሁን ተጉዣለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ከሃያ ሁለት ሰፈር ይነሣል ያላችሁት አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ ስለተነሣ አመሰግናለሁ። በጉዞ መግለጫ ወረቀታችሁ ያልተጠቀሰውን የሃያ ሁለትን አስፋልት በሚገባ ጎብኝተናል፤ የየካፌውን ወንበር ቀለም በቃሌ ልነግርዎ እችላለሁ።

ሁለተኛ፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክን «የዘመናዊ ሥራ ገጽታ» ብላችሁ ከአጥር ውጭ፣ መስኮት እንኳ ሳይከፈት ስላሳያችሁን እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤቴ ሳምራዊት እዚያ ሸሚዝ ትሰፋለች። ለምሳ ወጣ ስትል አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እጁን ሲያውለበልብላት አይታ በማግስቱ ቤቴ መጣችና «እማማ፣ እኔን ለማየት ነው አውቶቡስ የተሳፈሩት? በር አንኳኩተው በነፃ አያዩኝም ነበር?» አለችኝ። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል። ከሕንፃዎቻችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የገተራችሁትን ድንጋይ ይመለከታል። ሰሌዳውን ማንም ሳያግዘኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ዕድሜው የማይታወቅ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ፣ የጥንት የጦር አበጋዝ ፍርድ ይሰጥበት የነበረ የድንጋይ ወንበር። በላዩ የሚታየው ባለነጠብጣብ ጽሑፍ እስካሁን አልተፈታም» ይላል። አስጎብኚያችሁ ኢዮስያስ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ እጄን ይዞ «እማማ፣ ቁጭ ይበሉበትና ፎቶ ላንሳዎት» አለኝ። አልተቀመጥኩም። እኛ ዘንድ ወፍጮ ላይ አይቀመጥም፤ እህል የሚወድቅበት ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ብቀመጥበት እናቴ ወይዘሮ ወይንሸት ያስነሣችኝ በመጥረጊያ ነው።

አዎ ክቡር ሆይ፣ ወንበራችሁ የእናቴ ወፍጮ ነው። ግራ ጠርዙ የጎደለው በጦርነት ሳይሆን ወንድሜ ገብረወልድ መጥረቢያ ሊስልበት ሲታገል ነው። መሃሉ የጎደጎደውም አበጋዙ ከባድ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ እናቴ፣ ከእሷም በኋላ እኔ፣ በመጅ ስንገፋው ኖረን ነው። መጁ፣ ማለትም በእጅ የሚገፋው ትንሹ ድንጋይ፣ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ንፋስ በሬን እንዳያላጋው ደግፌበታለሁ። ያልተፈታው ጽሑፍ ደግሞ ይኸውልዎ፦ ወፍጮ ሲለሰልስ እህል አይፈጭምና በሹል ድንጋይ እየተመታ ይወቀራል። እናቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትወቅረው ነበር። ባለሙያዎችዎ ከሚደክሙ እኔ ልፍታላቸው፤ «ዱቄቱ አልደቀቀም፣ እንደገና» ይላል። ፊደል ዘግይቼ ብማርም ከሀ እስከ ፐ ጨርሼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊደል አላጋጠመኝም።

ይህን ድንጋይ በፍቅር የማስታውሰው እንዳይመስልዎ። ወንድሞቼ ጠዋት ጠዋት ፊደል ሊቆጥሩ ሲወጡ እኔ እሱ ፊት ተንበርክኬ እቀር ነበር። ጉልበቴ የታመመው እዚያ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፊደል ያራቀኝ ድንጋይ አጠገብ ፊደል ተሰቅሎ ሳገኝ፣ ያ ሁሉ ዘመን ለአንድ ለማይታወቅ ወንድ መቀመጫ ተደርጎ ተጽፎ ጠበቀኝ። እኔና እናቴ «የማይታወቅ» በምትለው ቃል ውስጥ መግባታችንን ሳይ አዳራሹ ውስጥ የለፋሁበትን ትምህርት ላፍታ ጠላሁት።

እንዴት ትተሽው ሄድሽ እንዳይሉኝ። ከመሬታችን ስንነሣ ዕቃ ጫኚዎቹ ወፍጮውን አይተው «እማማ፣ ይቅርብዎ፣ ድንጋይ የትም አለ» ብለው መኪናውን አስነሡ። ንብረቴን በሙሉ ይዤ መውጣቴን የሚያረጋግጥ ወረቀትም በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ምን እንደሚል ያወቅኩት ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ፣ ሣጥን ውስጥ አግኝቼ ሳነበው ነው።

አራተኛ፣ ኢዮስያስ እንደነገረን ወንበሩ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ለዘለቄታው በሲሚንቶ ይተከላል። ስለ ጥንቃቄያችሁ እያመሰገንኩ፣ ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት አንድ ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ መጄንና አንድ ጣሳ ገብስ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎም ባለሙያዎችዎን ይዘው ይምጡ። ድንጋዩን እንደ ወፍጮ አጋድማችሁ መጁ ከጎድጓዳው ልክ ካልገጠመ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ ለይቅርታም እጽፋለሁ። ከገጠመ ግን ወፍጮዬን መልሱልኝ። የግድ ለጎብኚ ይቅር ከተባለም ጥላው ሥር ይጋደምና ሰሌዳው ይውረድ፤ ምትኩን ራሴ እጽፋለሁ፦ «የወይዘሮ ወይንሸት ወፍጮ። እሷና ልጇ ዘርፌ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተንበርክከውበታል። አይቀመጡበት።» አጭር ነው፤ ቀለም አያስጨርሳችሁም።

ያልታወቀውን ሁሉ የሚያሳውቀው ጽሕፈት ቤትዎ በክብር ላይ ክብር እየጨመረ እንዲኖር የምመኝልዎ፣ በአውራ ጣቴ ሳይሆን በራሴ እጅ ጽሑፍ የፈረምኩ፣ ለሰሌዳዎ የማልታወቅ አክባሪዎ፣

ዘርፌ፣ የወይዘሮ ወይንሸት ልጅ
ቦሌ አራብሳ

ማሳሰቢያ፦ አበጋዙ መቀመጫ አጥተው ቆመው ይቀራሉ ብለው አይጨነቁ። ሌላ ይፈልጉላቸው፤ ድንጋይ የትም አለ።