መስቀል ብቻ የምታውቅ እጅ

መጋቢት 2

ዝናብ። ማገዶው ረጥቧል፣ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። ዶን ላታንዚዮ ዛሬም ከጾሙ በፊት የቀረችውን አይብ ለሒሳቡ መሞከሪያ አደረጋት። ቅዳሴ ሲጨርስ ሌላ ሥራ የለው፣ መስመርና ክብ ብቻ።

«ቀጭን አድርገሽ ቁረጪ ዶሮቴያ። ከዚያም ቀጭን።»

«እንዲህ ስንት ቁራጭ ይወጣታል አባ?»

«ቁጥር የለውም። አያልቅም።»

«የማያልቅ አይብ ካለማ ገበያ ምን ያመላልሰኛል?»

ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት አበሰልኩለት፣ አንድ ቀን ጣፈጠኝ አላለም። ፊደል ያስተማረኝም ለእኔ ብሎ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኑ ሲደክም፣ ከመደርደሪያው ወረቀት ለይቶ የሚያቀብለው ሰው አጣ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ጣቴን ይዞ አስጻፈኝ። የቄስ ሠራተኛ ታነባለች ቢባል ስንት ይወራል... ለማንም አልተነገረም። ይህንንም የምጽፈው እሱ በጣለው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው።

መጋቢት 8፣ እሑድ

የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ። እንደየዓመቱ አዋጁ ተነበበ። የተከለከለ መጽሐፍ ያለው፣ ያለውንም ሰው የሚያውቅ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለሃይማኖት መርማሪው መነኩሴ ያስታውቅ። ዝም ያለ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን። ስንት ዓመት እያዛጋሁ ሰማሁት!

የተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቸንክሯል። ሰው ሁሉ እንደ ግድግዳ አልፎት ይሄዳል። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ የማጠብቅ መስዬ ጎንበስ አልኩና... አነበብኩት። ከታች አራተኛው። ዶን ላታንዚዮ ለሒሳቡ የሚያነበው የዚያ የጀርመን ሊቅ ስም። መጽሐፉ እኛ ቤት ነው፣ ከዱቄቱ ሣጥን ኋላ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ማንበብ ባልችል ኖሮ ቡናማ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ምነው ባልተማርኩ!

ከጎነበስኩበት መነሣት ረሳሁ። ጎረቤቴ ላውዶሚያ ክንዴን ይዛ አቃናችኝ። «ምነው እትዬ፣ ኃጢአትሽ ከበደሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

መጋቢት 9

ዳቦው አረረ። በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ዱቄቱ ሣጥን እሮጣለሁ።

መጋቢት 15

ነገርኩት።

«አባ፣ ያቃጥሉት።»

«የሥራዬ ግማሽ የቆመው በሱ ላይ ነው።»

«እኔስ በምን ልቁም? ብናገር እርስዎ ይጠፋሉ፣ ዝም ብል ነፍሴ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ዝርዝሩን ማን አነበበልሽ?»

«ማን ያነብልኛል? ራሴ።»

ገና ዛሬ እንዳየኝ ሁሉ አፈጠጠብኝ። ከዚያ፣ «ሾርባው ቀዘቀዘ» አለ። ሾርባው!

ሚያዝያ 4

ለንስሐ ሄድኩ። የቆረበ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከፋሲካ በኋላ የደብሩ ቄስ ቤት ለቤት እየዞረ ይሰበስባታል። ወረቀት የሌለው ስሙ በሩ ላይ ይለጠፋል። ቁጣዬን ተናዘዝኩ፣ ሐሜቴን ተናዘዝኩ። ጨረስኩ ስል አናዛዡ ቄስ ጠየቀኝ፦

«የተከለከለ መጽሐፍ ያለው ሰው ታውቂያለሽ?»

አዎ አላልኩ፣ አላውቅም አላልኩ።

«እንግዲያው አልፈታሽም። ሄደሽ ለመርማሪው ተናግረሽ ተመለሺ።»

ከሠላሳው ቀን ሦስት ቀርቶኛል። ለዶን ላታንዚዮ ነገርኩት። ማንኪያው አፉን ሳተ።

ሚያዝያ 6

ጠዋት ካባውን ለበሰ። መጽሐፉን ከሣጥኑ ኋላ አወጣ፣ ዱቄቱን በእጅጌው ጠረገለት።

«ወንዝ ሊጥሉት ነው አባ?»

«ጉዳይ አለኝ። ለምሳ አትጠብቂኝ።»

አመሻሽ ላይ ላውዶሚያ እያለከለከች መጣች። «ዶንሽ በገዛ እግሩ መርማሪዎቹ ጋ ገባ! በዓይኔ አየሁት! ራሱን ሊከስ ነው ይላሉ።»

ራሱን ብቻ? ራሱን የከሰሰ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ግን የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አለበት። ማን ያውቅ እንደነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት... ሸጠኝ።

ሚያዝያ 8

የሐር ትል ዕንቁላል የማሟሟቂያው ጊዜ ደረሰ። እንደ ወጉ በጨርቅ ቋጥሬ ጡቴ መሃል አደረግኩት። የደነገጠች ሴት ደረት ዕንቁላሉን ይገድላል ይላሉ። ዘንድሮ ሐር የለም ማለት ነው።

ከሰዓት መጥሪያ መጣ። መልእክተኛው ወረቀቱን ገልብጦ ሰጠኝ። ላቃናው እጄ ተነሣ... መልሼ አወረድኩት። «ምን ይላል ጌታዬ?» አልኩ።

ሚያዝያ 11

ሦስት መነኮሳት፣ አንድ ጸሐፊ። ላቤ ዕንቁላሎቹን አረጠባቸው።

«ካህኑ መጽሐፉን የት ነበር የሚደብቀው?»

«መጽሐፉ ብዙ ነው ጌታዬ። እኔ የማውቀው አቧራውን ነው።»

ጸሐፊው የዶን ላታንዚዮን ቃል አነበበ። «ሠራተኛዬ መሃይም አሮጊት ናት። ፊደል አትለይም። ለሷ መጽሐፍና ጡብ አንድ ነው።»

መሃይም አሮጊት! ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ገባኝ... በር ከፍቶልኛል። የእኔ ድርሻ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጌታዬ።» እጄ ወንጌሉ ላይ ነበር። እግዜር ይቅር ይለኝ ይሆን?

ፈርሚ፣ ካልቻልሽ መስቀል አድርጊ አሉኝ። ጣቶቼ ብዕሩን እሱ እንዳስተማረኝ ያዙት። ስሜን ሊጀምሩ ነበር! ቶሎ ብዬ እንደ ማማሰያ ጨበጥኩትና መስቀል ሠራሁ። ጠማማ። «መስቀሏም ሰክሯል» አለ አንዱ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሚያዝያ 19፣ ፋሲካ

መርማሪዎቹ ፊት መቅረቤን ሲሰማ አናዛዡ ፈታኝ። ቆረብኩ፤ ወረቀቷ በእጄ ናት። በሐሰት የማለ አፍ ነው የተቀበለው።

ዶን ላታንዚዮን ተራራው ላይ ወዳለ ገዳም ወሰዱት። ሁለት ዓመት። ማስተማር የለም፣ ሒሳብ የለም። መደርደሪያውን ባዶ አደረጉት። ስንብት እንኳ አልነበረም። ቢጽፍልኝስ... ማን ያነብልኛል?

ሚያዝያ 24

ለደብሩ ቄስ ከገዳሙ ደብዳቤ መጣለት። ለእኔ የሚሆን አንድ መስመር አለበት። ለማይሰማ ሰው እንደሚያነብ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«ለዶሮቴያ ንገራት፦ ትሎቹ ሲፈለፈሉ ቅጠሉን ቀጭን አድርጋ ትቁረጥላቸው። ከዚያም ቀጭን።» ቄሱ ሳቀ። «አይ የኛ ሊቅ! እዚያ ተዘግቶበት ለትል ያስባል!»

በትከሻው አጮልቄ አየሁ። ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ደቃቅ ነው። የእኔዋ መስመር ብቻ በትልልቅ ፊደል ተጽፋለች፣ ሲያስተምረኝ ይጽፍልኝ እንደነበረው። ቶሎ ዓይኔን ወለሉ ላይ ጣልኩ።

ዕንቁላሎቹ አልሞቱም። ጨርቁ ጥቁር ክር በሚመስሉ ትሎች ይርመሰመሳል። ትሎቹ ለሚያድጉባቸው ትሪዎች የሚነጠፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ የቀረው ይኸው የምጽፍበት ብቻ ነው። ፊቱ የሱ መስመር፣ ጀርባው የእኔ። ትል ሥር እጁን ሰድዶ የሚፈልግ መነኩሴ የለም። እስከ ግንቦት መጨረሻ በቅጠሉ እርጥበትና በኩሳቸው ይበሰብሳል። ከዛሬ ወዲያ መስቀል ብቻ የማውቅ አሮጊት ነኝ።

የመጀመሪያው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ገበታው ላይ ነው። ቢላዋውን ስያለሁ። ቀጭን። ከዚያም ቀጭን...