አልጠፋም ያለው ሞተር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ነፋስ የለም። ቀኑን ሙሉ የደንበኛችን፣ የዶክተሯ፣ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተጣጥፌ ዋልኩ። የሞተር ዘይት ቀየርኩ፣ የናፍጣ ማጣሪያ ቀየርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። የጥገና ቤታችን አናጺ ከላይ አጎንብሶ "ኢንጂነሯ፣ አለሽ? ወይስ ሞተሩ ዋጠሽ?" አለኝ።

"ዋጠኝ፤ ግን አልጣምኩትም።"

ሐሙስ ዶክተሯ መጥታ ትሞክረዋለች። በጋውን ሙሉ በሸራ ልትጓዝበት ነው። ሁሉም ዝግጁ ነው... ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

አፈርኩ። አይ፣ አላፈርኩም። ተናደድኩ።

ወጣን፣ ሸራው ተዘረጋ፣ ሁሉ መልካም። ሸራውን ሰብስበን በሞተር ተመለስን፣ መቆሚያው ላይ ታሰርን። ዶክተሯ መሪው አጠገብ ያለውን ቀይ እጀታ ሳበች። ምንም። ደግማ ሳበች። እጀታው ግማሽ መንገድ መጥቶ ችክ አለ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። እጀታው ኬብል ይስባል፣ ኬብሉ ታች ፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይስባል፣ ናፍጣ ይቆማል፣ ሞተር ይጠፋል። ወርጄ ክንዷን በእጄ ልስባት ስል አጎቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። የጥገናው ቤት የእሱ ነው፤ እዚያ "አለቃ" እለዋለሁ፣ ቤት "ጋሼ"።

"አንቺ ተይው። ያበላሸሽው ይበቃል።"

ሄዶ የነዳጁን ታንከር ዘጋ። ሞተሩ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን ናፍጣ ጨርሶ እስኪሞት ቆመን ጠበቅን... ሰው ሁሉ እያየ።

"ባለፈው ወር የማጥፊያውን ኬብል የቀየረችው እሷ ናት" አላት ለዶክተሯ፣ ጣቱን እየቀሰረብኝ። "ያስተማሯት በወረቀት ነው።"

ዶክተሯ ረጋ ብላ "ማጥፋት የማልችለውን ሞተር ይዤ ባሕር አልገባም" አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ትመለሳለች።

እኔ ደግሞ ታንከሩ ሲዘጋ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ሳስወጣ መሸ። እሱ በዘጋው እኔ ደከምኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ከሞተር ክፍል ተባረርኩ። ከጀልባ ሆድ ሥር በውጭ የተጣበቀውን ቆሻሻ መፋቅ ተሰጠኝ።

"እስከ ቅዳሜ እኔ አየዋለሁ። እንቢ ካለኝ ጥፋቱ የኬብልሽ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተር አትነኪም፣ ቢሮ ገብተሽ ስልክ ታነሻለሽ።"

እንቢ ካለው የኔ ጥፋት፣ እሺ ካለው የሱ ሙያ። ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሞተሩ ሳይነሳ እጀታውን ለሠራተኛው ሁሉ እየሳበ አሳየ። ቅቤ ነው። "ይኸው፣ ደህና ነው። እጇ ነው" አለ። እጄ? ትናንት የሳበችው ዶክተሯ አይደለችም እንዴ? ማንም አልጠየቀም። እኔ ጠየቅሁ።

"ምላስሽን ሰብስቢ" አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች፣ "አጎትሽ እኮ ነው። አባትሽ ሲሞት ማን ሰበሰበን?" አለችኝ።

"ስለሰበሰበን አመሰግናለሁ። በሰው ፊት ስላዋረደኝ ግን አላመሰግንም።"

"ስልክ ማንሳት ምን ነውር አለው? እጅሽም ያምርልሻል።"

እጄን አየሁት። ጥፍሬ ሥር ግራሶ፣ አይበሉባዬ ላይ ቃጠሎ። ያምራል። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት "ሄሎ" ለማለት ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 9

አጎቴ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ አናጺውን በር ላይ አቁሜ ጀልባው ውስጥ ገባሁ።

"ሲመጣ ምን ላድርግ?"

"ሳል።"

"እኔ ሳል ከጀመርኩ አላቆምም።"

"ታዲያ አስነጥስ።"

ኬብሉን ከፓምፑ ክንድ ፈታሁት። ክንዷ በጣት ትሄዳለች፣ ስለቃት ተመልሳ ትቀመጣለች። ፓምፑ ንጹሕ ነው። ኬብሉን ብቻውን ሳብኩት። ልስልስ። እሱም ንጹሕ። መልሼ አያያዝኳቸው። ሞተሩን አስነሳሁ። እጀታውን ሳብኩ።

ችክ።

የመሣሪያ ሳጥኑን በእግሬ ጠለዝኩት። አውራ ጣቴ አበጠ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የትኛው ነው የሚዋሸኝ?

አናጺው አስነጠሰ። ክንዷን በእጄ ስቤ ሞተሩን አጠፋሁና በጀልባው የፊት መስኮት ሾልኬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አጎቴ እጀታውን ግራሶ ቀባው። ችክ። ጨምሮ ቀባው። ችክ። እኔ ስፍቅ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

አገኘሁት።

እየፋቅሁ ነው የመጣልኝ። ሞተሩ ሲቆም እጀታው ይሠራል፣ ሞተሩ ሲሠራ እጀታው ይይዛል። ታዲያ እኔ ለምንድነው ቆሞ ብቻ የምመረምረው?

ምሳ ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነስቼ የእጅ ባትሪ አብርቼ ጎኑ ተኛሁ። ሞተሩ የተቀመጠው የጎማ ማረፊያ ላይ ነው። በዝግታ ሲሠራ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ኬብሉ አብሮት መወዛወዝ አለበት። እኔ ሳስገባው ለዚሁ ብዬ ላላ አድርጌ፣ ሰፊ ቀለበት ትቼለት ነበር... ቀለበቱ የለም። ኬብሉ ግድግዳው ላይ በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ። ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ኬብሉ ማሰሪያው ሥር ይታጠፋል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይታነቃል።

ማን እንዳሰረው መጠየቅ አያስፈልግም። አጎቴ የጀልባ ባለቤት ከመምጣቱ በፊት ሽቦውን ሁሉ በሰልፍ ካላሰረ እንቅልፍ አይወስደውም። "ሥራችን ከሩቅ ይታወቃል" ይላል። አናጺው፣ ቢችል ዓሣውንም ያስር ነበር ይላል።

ማሰሪያውን ቆረጥኩት። አስነሳሁ፣ ሳብኩ፣ ጠፋ። ደገምኩ። ጠፋ። ደገምኩ። ጠፋ።

ሄጄ ነገርኩት።

"ማሰሪያ ሞተር ሲይዝ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እዚህ።"

"ማን አስገባሽ?"

ሄዶ ሊያየው እንኳ አልፈለገም። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ጀርባውን ሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዶክተሯ መጣች። "ልጅቷም አብራን ትውጣ" ያለችው እሷ ናት። አጎቴ ደስ አላለውም።

ወጣን፣ ተመለስን፣ ታሰርን። ቀዩን እጀታ ሳበች።

ችክ።

አጎቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "አላልኩም?"

ዘልዬ ወረድኩ። አዲስ ማሰሪያ። ነጭ፣ ጥርቅም ያለ፣ ጫፉ ሳይቀር የተከረከመ። ጠዋት፣ እንግዳ ይመጣል ብሎ፣ መልሶ አስሮታል።

"ዶክተር፣ ይውረዱና ይመልከቱ" አልኳት። "ኬብሉን ብቻ ይዩት።"

አጎንብሳ አየች። ሞተሩ ሲነቃነቅ ኬብሉ ሲታጠፍ አየች። ፒንሳዬን አውጥቼ ማሰሪያውን ቆረጥኩ። "አሁን ይሳቡት።"

ወጥታ ሳበች። ጸጥ። ውሃው ጀልባውን ሲመታ ይሰማ ነበር።

"ማነው ያሰረው?"

መልሱን ለአጎቴ ተውኩ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ከራሱ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው።

"እኔ" አለ አጎቴ። "እንዲያምር ብዬ።"

"የዚያን ዕለቱንስ?"

"...እኔ።"

"ጣትዎን የቀሰሩት ግን እሷ ላይ ነበር" አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ቁልፉን ተቀበለች። ነገ ጠዋት ትወጣለች።

ሰኞ፣ የካቲት 16

መፋቂያውን ቦታው መለስኩ። ፒንሳ ያዝኩ። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም ሂጂ አላለኝም። የቆሙት ጀልባዎች ሁሉ በእሱ ማሰሪያ የተጠፈሩ ናቸው። በሩ አጠገብ ካለው ጀመርኩ። የማጥፊያውን ኬብል ፈታሁ፣ አላላሁ፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

ትልቋ ጀልባ ውስጥ ሳለሁ እግሩ ደረጃው ላይ ቆመ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የማጥፊያ ኬብሎቹን እየፈታሁ ነው፣ አለቃ።"

ይቅርታ ይለኛል ብዬ አልጠበቅሁም። አላለም። እኔም እጄን አላቆምኩም።

አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። "ከታንከሩ ጀርባም ማሰሪያ አለ። ከዚያ ሆነሽ አይታይሽም።"

"እንግዲያው ይውረዱና ያሳዩኝ።"

ወረደ። ባትሪውን ያዘልኝ።