ድምጽ፣ በጸሎቱ ጸ

ጥቅምት 4

ጥፋተኛው ወንድሜ ነው። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

አርባ አመት የሰው ልጅ ፊደል ሲያስቆጥር ኖሮ፣ አንድ ቀን «እትዬ፣ ነይ ሀ በይ» አላለኝም። ያሳደግኩት እኔ። ዩኒፎርሙን የሰፋሁለት እኔ። ፊደል የቆጠርኩት ግን በሀምሳ አራት አመቴ፣ ማታ ትምህርት ቤት፣ ከባእድ።

ዛሬ ሌላ ነገር የለም። አንድ የስፌት መኪና ፈትቼ ገጠምኩ። ጎማውን የሚያዞረው ቺንጋ አልቆ ነበር።

ጥቅምት 7

የወንድሜ ልጅ ሱቄ መጣች። ኮምፒውተር አዋቂዋ። ወንበሩ ላይ የተፈታ ሞተር ስለነበር የስፌት መኪና የእንጨት ክዳን ገልብጣ ተቀመጠች። በኢንተርኔት ገጽ ከፍታለች... ሰፊዎች መኪናቸው ሲበላሽ የሚጠይቁበት፣ መካኒኮች የሚመልሱበት። ጥያቄው እንደ ጉድ ጎርፏል፣ ግን የቱ ስለምን እንደሆነ አይለይም።

«አክስቴ፣ ለየጥያቄው ታግ ስጪልኝ።»

«ምን ልስጥ?»

«መለያ። አንድ ሁለት ቃል። መካኒኩ የሚችለውን ቃል ይከተላል። በዚያ ቃል የተጠየቀ ሁሉ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል።»

ይሄማ ቀላል ነው። ፊደል ሳላውቅ መኪናው ላይ ክር አስር ነበር። ቀይ ክር የሚጮህ፣ ቢጫ ክር የሚበጥስ።

«የተማረው አባትሽ የለም እንዴ?»

«አባዬ? መርፌው ከላይ ይሁን ከታች አያውቅም!»

ሳቅኩ። እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 9

ሰላሳ ጥያቄ። አይኔ ደከመ። ደንበኛ ሲገባ ፊደሌን እንዳያይ ስልኩን ወደ ደረቴ አዞራለሁ።

አንዱ ሰውዬ ሙሉ ገጽ ስለ ሚስቱ ቁጣ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ «መኪናው ስፌት ይዘላል» ይላል። በሽታው መርፌው ነው፣ ጎብጧል። መለያውን «መርፌ» ልበለው? ግን ሰውዬው በሽታውን ቢያውቅ ምን ያስጠይቀዋል? የሚያውቀው ህመሙን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰጠሁት። «መዝለል»፣ «መርፌ»።

ለሚስቱ መለያ የለኝም።

ጥቅምት 12

ዛሬ አርባ ሁለት። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ መኪናቸውን ግን አውቀዋለሁ።

አንዲት ሰፊ መኪናዋ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምጽ አምጥቷል። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልስፋበት ወይስ ላቁም?» ትላለች። መልሱን አውቀዋለሁ። አቁሚ ነው! የቦቢን ቤቱ ውስጥ፣ የታችኛው ክር የሚቀመጥበት፣ ክር ተጠምጥሟል። ግን መለያ አንድ ቃል ነው፣ መልስ አረፍተ ነገር ነው። ያን ሁሉ መካኒክ ፊት አረፍተ ነገር ልጽፍ? እኔ?

«ድምጽ» አልኩና አለፍኩ። አንዱ ይመልስላታል።

ጥቅምት 21

ማንም አልመለሰላትም። ዘጠኝ ቀን።

ዛሬ ራሷ ከስር ጽፋለች። «መልስ ስላጣሁ ሰፋሁበት። ውስጡ የሆነ ነገር ተሰበረ። አሁን ጭራሽ አይዞርም።»

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 22

ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ። አየችው። ከዚያ... 

«አክስቴ፣ አንቺ በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍሽው። ‹ድምጽ›። መካኒኮቹ የሚከተሉት በጸሀዩ ፀ የተጻፈውን ነው። ‹ድምፅ›።»

«ስትጠሪው አንድ አይደለም?»

«ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃል ነው። ያንቺን ድምጽ የሚከተል ሰው የለም።»

ምን እንዳለችኝ ያስተዋለችው አይመስለኝም።

ማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «በዚህ እድሜ አትጨነቁ፣ ከሁለቱ አንዱን ያዙ» ብላን ነበር። ጸሎቱን ያዝኩ። እስከ ትናንት ስልሳ ሰባት ጥያቄ በጸሎቱ ጸ ቀብሬያለሁ።

ጥቅምት 23

ተውኩት አልኳት። ልመናዋን አልሰማሁም። ባልተማረ እጅ የሰው እንጀራ አይነካም።

ጥቅምት 25

እሱ መጣ። መምህሩ ወንድሜ። ኮቱን ለብሶ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ። ጡረታ የወጣ አይመስልም።

«እትዬ፣ ስራ አቆምሽ አሉ።»

«ልትስቅ ነው የመጣኸው?»

«ልሳቅስ ብል በካቻቪቴ አትወጊኝም?»

ክዳኑ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ተንጫጫ። እሱም ዘይት ያስፈልገዋል። ልጁ መላ አግኝታለች አለኝ። አንድ ቃል በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ወደ አንድ ቦታ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ግን ኮምፒውተሩ በራሱ አያውቅም። ሰው የሚሳሳትበትን መንገድ አንድ በአንድ የሚነግረው ይፈልጋል።

«ታዲያ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ ነኛ! አርባ አመት በቀይ ያረምኩት ስህተት ሁሉ እዚህ አለ።» ግንባሩን መታ መታ አደረገ። «አንቺ ቃሉን በይ፣ እኔ ስህተቱን እላለሁ።»

«ሃይል» አልኩ። ሞተሩ ለደከመ።

በጣቱ ቆጠረ። በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ... ሃ ብሎ የሚጽፍ፣ ኃ ብሎ የሚጽፍ... የአንዱን ተማሪ ስህተት ሲያስታውስ እንደ ልጅ ሳቀ። የመርፌ አይን ላይ ስንደርስ፣ በአይኑ ዐ ነው በአልፋው አ ሲል፣ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እስኪመሽ ስልሳ ቃል ያህል ሄድን። ከእኔ ቤት ከወጣ ጀምሮ ይህን ያህል ሰአት አብረን ተቀምጠን እናውቃለን?

ልብሱን ሲያራግፍ ጠየቅኩት። እስከ ዛሬ አልቻልኩም ነበር፣ ግን ጠየቅኩት።

«አንተ... ለምን አላስተማርከኝም?»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

«ማስተማር በጀመርኩ አመት ደብተር ገዝቼ መጥቼ ነበር። ስፌት ላይ ነበርሽ። የተሳሳትኩትን ስትቆጪኝ ያደግኩ ሰው... አንቺ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት አቃተኝ።»

«ቀይ ማን አለህ? እርሳስ ጠፍቶ ነው?»

እስከ መንገዱ ሸኘሁት።

ጥቅምት 27

ልጅቷ ሁሉንም አስገብታ ጨረሰች። ስልሳ ሰባቱም ጥያቄ ከተቀበረበት ወጣ። ሀያ ስድስቱ በአንድ ቀን መልስ አገኘ።

ያቺ ሰፊ ግን... የእሷ ጊዜው አልፏል። መልስ ሳይሆን እቃ ነው የሚያስፈልጋት።

ጥቅምት 30

ከትናንት በስቲያ ከአሮጌ መኪና ውስጥ የቦቢን ቤት ከነመንጠቆው ፈትቼ አወጣሁ። ከእሷ መኪና እቃ ጋር አንድ ነው። አጠብኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ልጅቷ አድራሻዋን ጠይቃልኝ ላኩላት፤ ዛሬ ደረሳት። አገጣጠሙን ግን ማን ይነግራታል? በስልክ እንዳልነግራት እጇ ስራ ላይ ይሆናል፣ እየደጋገመች ማየት አለባት። መጻፍ ነው።

ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ሶስት ጊዜ ጀምሬ ሶስት ጊዜ አጠፋሁ። በአራተኛው ሄደልኝ። «መለያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ መልሱንም እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። አሁን መጀመሪያ መርፌውን አውጪ...» አስራ አንድ መስመር። ስንቱ ፊደል ቦታውን እንደሳተ እግዜር ይወቀው። በአይኔ ጥግ አየሁት፣ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ... ተመለሰ። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። እኔ እንኳ ገባኝ፣ እትዬ። አሁን ቢሰጡኝ እገጥመዋለሁ።»

«ውሸታም።»

ሲመሻሽ ሰፊዋ መለሰች። «እናቴ፣ ዞረልኝ! ሶስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።» ከመልሷ ስር አምስት መካኒክ አመስግኗል። አንዱም ስለ ፊደሌ አላነሳም።

ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ? ግማሹን። ያ ደብተር የት እንደገባ አልነገረኝም።

ከዛሬ በኋላ ግን፣ ስጽፍ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ስልኩን ወደ ደረቴ አላዞርም።