ለሞላ የልብ ሕመም ስለ ተቆረጠው መልካም ቀን

ለተከበሩ መሪጌታ ዘውገ፣ የደብራችን መምህርና የአገሩ መድኃኒት አዋቂ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልን፤ መታመም ቢመጣብዎም በመልካም ቀን ያድርግልዎ። ይህ ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም እንዲነበብ የጠየቅሁት፣ ይህን ያህል ምስጋና ብቻዬን መያዝ ነውር ቢሆንብኝ ነው።

አንደኛ፤ የንግድ ባልንጀራዬ ሞላ ማክሰኞ ዕለት ጭነት ስናራግፍ ደረቱን ይዞ በወደቀ ጊዜ፣ ላቡ እየወረደ ግራ እጁም ዝሎ ሳለ፣ ሳይቸኩሉ ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ደምረው ኮከቡን ስለ ቆጠሩለት አመሰግናለሁ። መድኃኒቱን ከዓርብ በፊት ቢጠጣ አይስማማውም ስላሉ እስከ ዓርብ እያቃሰተ ቆየ። ሕመሙ ያልተማረ ስለሆነ ግን ቀን ሳያስቆጥር መጥቶ ነበር።

ሁለተኛ፤ ሚስቱ ብዙነሽ በድንጋጤ የነገረችዎ ያሳደገችውን የአክስቱን ስም ነበር። ይህ ኋላ ሲታወቅ በወላጅ እናቱ ስም እንደ ገና ቆጠሩና፣ የሞላ መልካም ቀን ያው የወደቀበት ማክሰኞ እንደ ነበረ በትሕትና ገለጹልን። የሌላ ሰው ዓርብ ሲጠብቅ የራሱ ማክሰኞ አለፈው ማለት ነው። ሞላም በዚያ ድካሙ፣ አክስቴ ድሮም ድርሻዬን ትወስድብኝ ነበር ብሎ አሳቀን።

ሦስተኛውን አሳምሬ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ዛሬ ንጋት ላይ ሕመሙ ተመልሶበታል፤ እርስዎም መጪውን ማክሰኞ ይጠብቅ ብለው ልከውብናል። እኛ ነጋዶች ቀን የምንመርጠው ለጉዞ መነሻ ነው፤ በቅሎ ከገደል አፋፍ ስትንሸራተት ግን የጭነቷን ጠፍር ወዲያው እንቆርጣለን። መድኃኒትዎ ዓርብ ዕለት ትንፋሹን ሲመልስለት በዓይኔ አይቻለሁና እርሱን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው መጠበቁን ነው፤ ሞላ ማክሰኞን የሚያይ አይመስለኝም።

ጥበብዎን የማደንቅ፣ ስለ ችኮላዬ ግን ይቅርታ የማልለምን፣
ነጋዴው ፈንታሁን፣ ከደብረ ታቦር

ተጨማሪ፦ ዕለቱ ለመንገድ ክፉ ነው እንዳይሉ መንገዱን እኛ ሄደንልዎታል። ሞላ በቃሬዛ ሆኖ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ነው፤ የመድኃኒት ከረጢትዎንም ብዙነሽ ከቤትዎ አስፈቅዳ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። የቀረዎት ከመቀመጫዎ መነሳት ብቻ ነው፤ ለዚያም ኮከብ የሚቆጥሩ ከሆነ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ይቁጠሩ።