ጠመኔዬን ጤነኛ ያለው መሣሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የግዢ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ትንፋሽዎስ ያለ ችግር ይገባል ይወጣል? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ከደብዳቤዬ ግርጌ ያገኙታል። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሕሙማኑን አንሶላ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ምናልባት ያስታውሱኛል። እናቴም አሁን ከእነዚያው አንሶላዎች በአንዱ ላይ ተኝታ በኦክስጅን ትተነፍሳለች።

በቅርቡ ስላስገዙት፣ ጣት ቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚለካው አዲስ መሣሪያ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወድጃለሁ።

፩. መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ደግነት አመሰግናለሁ። እናቴ ከግቢው በር ጀምራ ግድግዳ እየተደገፈች፣ እያረፈች፣ እንደምንም ተረኛው ሐኪም ዘንድ ስትደርስ፣ መሣሪያው ጣቷን ያዝ አድርጎ ዘጠና ስምንት አለ። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ፣ ሳንባዋ ደህና እንደሆነና ያስጨነቃት ሐሳብ ሊሆን እንደሚችል ነግሮ ሸኛት። እናቴ ቁጥር ይዋሻል ብላ አታምንም። በማግስቱ ከንፈሯ ጠቁሮ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው እስኪመልሷት ድረስ፣ «ደህና ነሽ የተባልኩትን ሴትዮ ለምን ታስጨንቂያለሽ?» እያለች እኔን ስትቆጣ ነበር።

፪. ያን ቀን የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፕላስተር የተጠመጠመባትን አሮጌ መለኪያ ከመሳቢያዋ አውጥታ ብትሰካላት፣ ሰባ አንድ አነበበች። አዲሱ በሌላኛው እጇ ላይ ያው ዘጠና ስምንት እንዳለ ነው። እኔም ግራ ቢገባኝ ኪሴ ውስጥ የነበረውን የስፌት ጠመኔ በአዲሱ መሣሪያ አፍ ውስጥ ሸጎጥ ባደርገው፣ ዘጠና ስምንት። ጠመኔዬ ይህን ያህል ጤነኛ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበርና እግዜር ይስጥልኝ።

፫. ነርሶቹ ጥርጣሬያቸውን ባመለከቱ ጊዜ ኮሚቴ ስላቋቋሙ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። እንደሰማሁት፣ የኮሚቴው አባላት በስብሰባ አዳራሹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን በየተራ ሰክተው፣ ሁሉም ዘጠና ስምንት በመሆናቸው መሣሪያው እንከን እንደሌለበት በሙሉ ድምፅ አጽድቀው ተለያይተዋል። ጤነኛን ጤነኛ ለማለትማ መሣሪያው ምን ያደርጋል! አንድ ፎቅ ወረድ ቢሉ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጣት ሞልቶ ነበር። በሽተኛ ማስቸገር ነውር መስሏቸው ይሆናል።

፬. ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል ሲባል እሰማ ነበር። የእርስዎ መሣሪያዎች ግን ሁሉም አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ስላየሁ፣ መንትዮች ናቸው ብዬ ትቼዋለሁ። ለፋብሪካው ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ ደውሎ ቁጥሩን ማጣራት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አቅራቢው የታወቀ ሰው ነው፣ እሱን መጠርጠር ይከብዳል ተባለ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና ቅር ያለኝን ልናገር። እኔን መጠርጠር ከቶ አልከበደዎትም ነበር። አንሶላ ላቅርብ ስል ናሙና አስመጡኝ፣ አሳጠቡት፣ በሁለት ጎልማሳ አስጎተቱት፤ በመጨረሻም የአንዱ ጠርዝ ስፌት ተንጋዷል ብለው ጭነቱን በሙሉ መለሱብኝ። ያኔ እያለቀስኩ ሁሉንም እንደ አዲስ ሰፍቼ ነው የተቀበሉኝ። አሁን ሳስበው ግን ልክ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጠማማ ስፌት ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። ለአንሶላ ያልነፈጉትን ጥርጣሬ ሩቡን እንኳ ለእናቴ ጣት ቢያውሉት ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ቢሮዎ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ አሮጌዎቹ መለኪያዎች በአዲስ ስለተተኩ ዓርብ ተሰብስበው ይወገዳሉ። የእናቴ ኦክስጅን የሚጨመረውና የሚቀነሰው በዚያች ፕላስተር በተጠመጠመባት መለኪያ ነው። መለኪያዋ ከሄደች፣ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዘጠና ስምንት ትሆንና ኦክስጅኑ ይነሳባታል። ፈርቻለሁ። ይህንን በምስጋና መልክ መጻፍ አቅቶኛልና ይቅር ይበሉኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አሮጌዋን ይተዉልን፤ አዲሶቹን ከየክፍሉ ሰብስበው ለታወቀው ሰውዎ ይመልሱለት።

ለፊርማዎ ጥንቃቄን፣ ለጣትዎ ጤናን አጥብቃ የምትመኝልዎ፣
ያቺው ጠርዝ ያንጋደደችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ደረትዎን ወጋ አድርጎዎት ወደ ሕሙማኑ ክፍል ብቅ ባሉ ጊዜ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ የእናቴን እግር እያሸሁ ነበር። ነርሷ አዲሱን መሣሪያ ስታቀርብልዎ እጅዎን ሰብስበው፣ «እሱን ተይው፤ ያቺን አሮጌዋን አምጪልኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እንኳን ደህና ሆኑ። መለኪያዋን ያዋስንዎት ከእናቴ ጣት ላይ ፈትተን ነው፤ ዓርብ ሰብሳቢ ሲልኩ ይህን ይንገሩት።